ማርሹን ማን ይረከባል?

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የምርቃት ቀን አንድ የታወቀ ድምፅ አለ። ተመራቂዎቹ ጋውናቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ነፋስ እንዳይወስደው በአንድ እጅ ይዘው በሰልፍ ወደ ሜዳው ሲገቡ ከፊታቸው ጥሩምባ ይነፋል፣ ትልቁ ከበሮ ይመታል። ወላጅ እልል ይላል። ከገጠር የመጣች እናት የልጇን ፊት ከዚያ ሁሉ ተመሳሳይ ቆብ መካከል ትፈልጋለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ግቢው ቤተ መንግሥት ይመስላል።

ማርሽ ባንዱ ግን የተማሪው አይደለም። አንዳንዴ የፖሊስ ነው፣ አንዳንዴ የመከላከያ ነው። ለዕለቱ ተጠርቶ በመኪና ይመጣል፤ ሥራውን ጨርሶ በመጣበት መኪና ይመለሳል። ወልድያ ላይ የሚመረቅ ልጅ ዶርሙን ይሰናበታል፣ የካፌውን ሰልፍ ይሰናበታል፣ ማታ ማታ የሚያጠናበትን የቤተ መጻሕፍት ጥግ ይሰናበታል። ባንዱን ግን ሊሰናበተው አይችልም። የተገናኙት ያን ቀን ነውና።

ይህ ምን ያሳስባል የሚል ይኖራል። ሀገሪቱ ስንት የጎደላት ነገር እያለ ተማሪ ትራምፔት አልነፋም ተብሎ ይጻፋል? ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገሩን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ላየው ሰው ግን ጉዳዩ የትራምፔት አይደለም። ወጣቶች ተሰብስበው አንድ ነገር ካቆሙ በኋላ፣ የሚለቁበት ቀን ሲደርስ ለማን ነው የሚያስረክቡት? የማርሽ ባንዳችን ታሪክ ከጥንስሱ ጀምሮ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው ዛሬ ደግሞ ከየትም በላይ ሰሜን ወሎ ላይ ያፈጠጠ ነው።

አስቀድሞ ወደ ባሕር ማዶ አንድ ጊዜ እንመልከት፣ ማነጻጸሪያ እንዲሆነን። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማርሽ ባንዱ የተማሪው ነው። መነሻው እንደኛው የወታደር ቤት ነበር፤ ብዙዎቹ የኮሌጅ ባንዶች የተወለዱት በግቢ ውስጥ ከሚሰጠው የመኮንንነት ሥልጠና ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ገደማ የኢሊኖይና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባንዶች በእግር ኳስ ሜዳቸው ላይ ትርዒት ማሳየትና በሰልፋቸው ፊደል መሥራት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሰፈሩ ወጥቶ የግቢው ሆነ። የጥቁሮች ኮሌጆች ደግሞ የራሳቸውን አደረጉት። በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ፎስተር እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የመሩት ባንድ የወታደሩን እርምጃ ወደ ጭፈራ ለወጠው። በእነዚህ ግቢዎች የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳ የሚወጣበት ቀን አለው። ስሙ ይጠራል፣ ወላጆቹ አብረውት ይቆማሉ፣ ያለቅሳል። በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ይቆማል፤ ያ ልጅ ግን ሥራውን የተማረው ከእሱ ነው። የመጀመሪያ ዓመቱ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጎን ቆሞ ስለሚነፋ ባንዱ በየዓመቱ ሩብ ያህሉን እያጣ አይሞትም።

የእኛስ?

እኛ ዘንድ በሰልፍ የሚነፋ ነገር የመጣው ከነሐሱ ጋር አይደለም። ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት ነበሩ። ነጋሪት የሹመት ምልክት ነው፤ ማን ስንት ነጋሪት ያስመታል የሚለው ማን ምን ያህል ሰው ነው ማለት ነበር። እምቢልታን ግን ልብ ይሏል። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው። ሦስት ነፊዎች ተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ሲነፉ ነው ዜማ የሚወጣው። አንዱ ከቀረ ሁለቱ ቢነፉም ጎዶሎ ነው። የቡድን ጨዋታ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል።

የነሐስ መሣሪያው የመጣው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒቆላዎስ ዳግማዊ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎችን ላኩ፤ አስተማሪም አብሮ መጣ። ጥሩምባው እንግዲህ በዲፕሎማሲ በር ገብቶ ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። ትምህርት ቤት የደረሰው ቆይቶ ነው፣ ያውም በስሱ።

ከዚያ የአርባ ልጆች ታሪክ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያውቀው «የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ አርመኖች ነበሩ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ታሪኩ ከዚያ ይሰፋል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመኖችን ገዳም ጎበኙ። ገዳሙ በኦቶማን ግዛት ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳድግ ነበር። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ የነሐስ ባንድ የሚጫወቱ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ሰሟቸው፤ ልባቸው ተነካ። የአርመን ፓትርያርክን አስፈቅደው አርባዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። አዲስ አበባ የደረሱት ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ዘመን ሊለወጥ አምስት ቀን ሲቀረው።

ልጆቹን እንዲመራ የተቀጠረው የአይንታብ ተወላጁ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «ማርሽ ተፈሪ»ን የደረሰው እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዜማው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ጊዜ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱ ድረስም የሀገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ። አገር አልባ የሆነ ሰው የሌላ አገር መዝሙር ደረሰ ማለት ነው። ይህ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ግን የሚያስፈልገን ሌላው ነጥብ ነው። ልጆቹ የመጡት ለ4 ዓመት በሚቆይ ውል ነበር። አራት ዓመት! ልክ እንደ ዛሬው ዲግሪ። ደንብ ልብስ፣ ማደሪያ፣ ምግብ ተሰጣቸው፤ ተማሩ፣ ነፉ፣ በአደባባይ ተሰለፉ። ውላቸው ሲያበቃ ቡድኑ እንደ ቡድን አልቀጠለም። ጥቂቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ቀሩ፣ ሌሎቹ ወደየአቅጣጫው ሄዱ። በአንድ ቀን መጥተው በአንድ ዘመን የሄዱ የአንድ ባች ልጆች ነበሩ። ይህችን ሀገር በሰልፍ ሙዚቃ «የተመረቀ» የመጀመሪያ ትውልድ ካላት እነሱ ናቸው። ከጎናቸው ቆሞ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት አብሮ የነፋ፣ ሲሄዱ መሣሪያውን የሚቀበል ኢትዮጵያዊ ታናሽ ግን በውሉ ላይ አልታሰበም ነበር።

ድልድይ የሆነው አስተማሪው ነው። ኬቮርክ ቀረ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት አስተማረ። ከዚያ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጣ። ነርሲስ ከጣሊያን መባረር በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መራ። በዚሁ የማዘጋጃ ቤት ባንድ በ1941 ዓ.ም. ገደማ አንድ የ13 ዓመት የይፋት ልጅ ገባ፤ ጌታቸው መኩሪያ ይባላል። ያ ልጅ አድጎ ሽለላን በሳክስፎን የነፋው፣ የፉከራን ድምፅ ከአንገት ወደ ነሐስ ያሻገረው ሰው ነው። ከኬቮርክ ወደ ነርሲስ፣ ከነርሲስ ወደ ጌታቸው፤ ሰንሰለቱ የሚታይ ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ቢሰበር ኖሮ አበቃ።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ባንዱ ዋና ቤቱን አገኘ፤ ቤቱም ካምፕ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ። የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች መጀመሪያ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፣ ቀጥሎ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልዌከር አሠለጠኗቸው። ከእነዚህ ግቢዎች የወጣው ሙዚቃ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወርቃማ የሚባለው ዘመን በአብዛኛው ደንብ ልብስ የለበሰ ነው።

የባንዱ ስንብት ግን ምን ይመስል ነበር? የካምፕ ሙዚቀኛ አይመረቅም። ወታደር ነው፤ ሲፈልግ አይለቅም። አዛዡ ተነሥ ሲለው ይነሣል፣ ተቀመጥ ሲለው ይቀመጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጣጣው ለዘፋኙም ተረፈው። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፅ እንኳ ከመታሰር አልዳነም። ማንም ያቀደው ስንብት አልነበረም። ባንድ መንግሥት ሲነቃነቅ አብሮ የሚነቃነቅ ዕቃ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ።

ዩኒቨርሲቲውስ በዚህ ጊዜ የት ነበር? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ተማሪው የራሱ መድረክ ነበረው፣ የኮሌጅ ቀን የሚባለው። ንጉሡ በተገኙበት ግጥም ይነበባል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ያቀረበው በዚህ በዓል ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ መሣሪያ ብዕር ሆነ፤ በኋላም መፈክር። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ያለ ጥሩምባ ነው የተሰለፈው። ሰልፉን አልተወም፤ ባንዱን ነው ያልያዘው። ለምን ይይዛል? ባንዱ ፊት ለፊት የቆመው ወገን ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ዩኒቨርሲቲው ኦርኬስትራ አገኘ። በ1955 ዓ.ም. ግብፅ የተወለደው አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል-ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ ከየብሔረሰቡ የመጡ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ ላይ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ኤል-ዳብህ ብዙ ሳይቆይ ሄደ፤ ጆን ኮ የተባለ አሜሪካዊ ተረከበው፤ ከዚያ ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው። በ1961 ዓ.ም. ከአባላቱ የተመረጠ ቡድን አሜሪካን ዞሮ አሳየ። ይሁንና ተጫዋቾቹ በሙያው የኖሩ ባለሙያዎች እንጂ ክፍል ገብተው የሚማሩ ተማሪዎች አልነበሩም። ግቢው ውስጥ የተማሪ ያልሆነ ሙዚቃ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ኦርኬስትራው ተበተነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር። ያ ትውልድ ከግቢው የተሰናበተው በምርቃት ሳይሆን በዘመቻ ነው።

ደርግ የራሱን ባንድ አመጣ። ኪነት። የቀበሌ ኪነት፣ የወረዳ ኪነት፣ የክፍለ ሀገር ኪነት። ስለ ኪነት መጥፎ መናገር ቀላል ነው። ግጥሙ የካድሬ ነበር፣ ልጆች ከትምህርት ይልቅ ለሰልፍ ይፈለጉ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። ማርሽና ኦርኬስትራ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሰፈር ልጅ እጅ የገባው ያኔ ነው። ወሎም የራሱ ነበረው፤ ደሴ ላይ የነበረው የላሊበላ ኪነት። የአምባሰሏን ማሪቱ ለገሠን ሕዝቡ ያወቃት በዚያ በኩል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው ሐብሩን ሲያልፍ አምባሰል ይገባል። የወረዳ ስም ነው፣ የቅኝትም ስም ነው። ባቲም እንደዚሁ። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ከተሳፈረባት ሚኒባስ መስኮት የቅኝቶቹን አገር እያየ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ምድር የወሰዱ ሆነው ሳለ፣ እዚያው ምድር ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የተማሪ ባንድ የለውም ማለት የጥማድ በሬ እያለው እርሻ የሚከራይ ገበሬ ዓይነት ነገር ነው።

ወደ ኪነት እንመለስ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌ ኪነቶቹ አብዛኞቹ ፈረሱ። እንደገና በአንድ ጊዜ። የአርባ ልጆችም፣ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያም፣ የኪነቱም መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። ያቋቋማቸው ክንድ ሲዝል ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ይሄዳል፤ አንድም የሚረከብ ታናሽ መሀል ላይ አይገኝም።

ይህ የሀገሪቱ ዕጣ ነው እንዳይባል ደግሞ ማስረጃው እዚያው ወልድያ ዙሪያ አለ። ያለ በጀት፣ ያለ አዛዥ፣ ያለ ደብዳቤ ለዘመናት ያልተበተነ የሰልፍ ሙዚቃ አለ። በራያ ቆቦ ሶለል ይሉታል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለቀናት ልጃገረዶች ተሰልፈው፣ ከበሮ ይዘው፣ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው እየዘፈኑ ከደጅ ደጅ ይሄዳሉ። ማርሽ ባንድ ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የራሱ ልብስ አለው፣ የራሱ ሥርዓት አለው፣ መሪና ተቀባይ አለው፣ የመንደር ክብር አለው።

ስንብትም አለው። ጨዋታው የልጃገረዶች ነው፤ ልጅቱ ስታገባ ከሰልፉ ትወጣለች። እያንዳንዷ ተሳታፊ የመጨረሻ ዓመቷ የሚሆን አንድ ነሐሴ አላት፤ ብዙ ጊዜም ታውቀዋለች። ሆኖም ሶለል አይበተንም። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በአንዱ ሰልፍ ውስጥ ለመዳር የደረሰችውም፣ ገና ከበሮው የሚከብዳት ትንሽ ልጅም አሉ። ትንሿ ግጥሙን የምትይዘው በትምህርት አይደለም፣ ከትልቋ ኋላ ኋላ በመሄድ ነው። ዘንድሮ የምትቀበለው ከሦስት ነሐሴ በኋላ አውጪ ትሆናለች። ስለዚህ በአንድ ዓመት አምስት ልጃገረድ ብትዳርም ከበሮው የሚመታው አያጣም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በመቶ ዓመት ያደራጀውን ነገር የራያ ልጃገረዶች በራሳቸው መላ ሲሠሩት ኖረዋል።

ልዩነቱ ይኸው ነው። ገንዘብም አይደለም፣ ትራምፔትም አይደለም። የሚወጣውና የሚገባው አብረው የሚቆዩበት ጊዜ አለ ወይ ነው።

አሁን ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ። ግቢው የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ወጣት ነው። ግብርናው መርሳ ነው ያለው፣ ዋናው ግቢ ወልድያ። የዚህ ግቢ ተማሪ ላለፉት ዓመታት ያሳለፈውን በቅደም ተከተል ብቻ ማስቀመጥ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ኮሮና መጣ፤ የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተማሪያቸውን ወደ ቤት ሸኙ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። ያ የሶለል ወር ነው። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ በዚያው ቆየች፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ንብረቱ ወደመ። ግቢው እንደገና ተማሪ ሲቀበል ሌላ ጭንቅ ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከረመ።

ይህ ሁሉ በአንድ ተማሪ ላይ ምን እንዳደረገ ብዙ ተጽፏል። በአራት ዓመት ሊጨርስ የገባ አምስት ስድስት ዓመት ፈጀ። በተማሪ ማኅበራት ላይ ያደረሰው ግን እምብዛም አይነሣም። በየዩኒቨርሲቲው የባህል ቡድን አለ፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለ፣ የድራማ ክበብ አለ፣ ግቢ ጉባኤ አለ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ነባር ለአዲስ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ያላቸው የሃይማኖቶቹ ናቸው፤ ቢዘጋም ቢከፈትም ሲቀጥሉ ይታያሉ። የክበቦቹ ነገር ይለያል። የክበብ እውቀት በጥቂት ተመራቂዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ከበሮው የት ክፍል ይቀመጣል፣ የድምፅ ማጉያው ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ እስክስታውን ማን ያስተካክላል፣ ለበዓል ዝግጅት በጀት ለመጠየቅ የትኛው ቢሮ ነው የሚኬደው። ግቢው አንድ ዓመት ሲዘጋ የመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስተኛው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲዘጋ ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ ወጥተው የማያውቁት ብቻ ይቀራሉ። የጠፋውን ወንበርና ኮምፒውተር የሚቆጥር ኮሚቴ ተቋቁሞ ይሆናል፤ የተቆረጠውን የታላቅና የታናሽ ሰንሰለት የሚቆጥር ኮሚቴ ግን አይቋቋምም። ዝርዝሩ ላይ የሚገባበት መስመር የለውማ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጠንካራም ነው። ተማሪው ለመውጫ ፈተና እየተጨነቀ፣ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ማግኘቱ አጠራጣሪ ሆኖ፣ ቤተሰቡ ከጦርነት ገና ሳያገግም ከበሮ ምታ ማለት ቅንጦት አይሆንም? አይሆንም። አርባዎቹ ልጆች ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ የከፋ ሰሞን ያሳለፈ ተማሪ የለም፤ በእጃቸው ጥሩምባ የሰጣቸው ገዳም ቅንጦት አልመሰለውም። ልጆች ከደረሰባቸው ነገር በኋላ አብረው እስትንፋስ የሚቆጥሩበት፣ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚሞላበት ነገር እንደሚያስፈልጋቸው ያወቀ ሰው እዚያ ነበረ ማለት ነው። የቀረው ነገር ወራሽ ነው፤ ያንን ደግሞ ገዳሙ ሊያደርገው አይችልም ነበር። የእኛ ቤት ሥራ ነበር፣ አልሠራነውም።

ሌላው ተቃውሞ የመሣሪያ ነው። የነሐስ መሣሪያ ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። እውነት ነው። ማንስ ነሐስ አለ? ወልድያ ላይ የሚመሠረት የተማሪ ማርሽ ባንድ በከበሮ፣ በእምቢልታና በዋሽንት ቢነሣ ማን ይከለክለዋል? በሰልፍ የሚሄድ፣ ደንብ ልብስ ያለው፣ በምርቃት ቀን ታላላቆቹን ወደ ሜዳ የሚያስገባ ቡድን። የፖሊሱ ባንድ ይመጣ፣ ክብሩ ነው። ግን ተመራቂው ከመድረክ ሲወርድ ከሰልፉ ውስጥ የሚያውቀው ፊት ቢያይ፣ ባለፈው ዓመት እሱ የቆመበት ቦታ ላይ እሱ ያስተማረው ልጅ ቆሞ ቢነፋ፣ ያ ቀን ሌላ ቀን ይሆናል።

ሥራው ከሚመስለው ያነሰ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ እንዲገባ መፍቀድ፤ ከሁለተኛ ዓመት በታች የማይቀበል ክበብ ካለ፣ ያ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የመርሳውንና የወልድያውን ግቢ ልጆች ቢያንስ በመንፈቅ አንዴ ማገናኘት። መሣሪያው በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በመዝገብ እንዲያዝ ማድረግ። የመጨረሻ ዓመቱ ከመውጫ ፈተናው በፊት ባሉት ወራት ከመድረክ ወርዶ አስተማሪ እንዲሆን ማድረግ፤ ለፈተናውም ጊዜ ያገኛል፣ ታናሹም ይሠለጥናል።

ደግሞም ለዚህ የሚሆን ወረቀት አስቀድሞ አለ። እያንዳንዱ ተመራቂ ከመውጣቱ በፊት ክሊራንስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት ይፈርምለታል፣ መጽሐፍ አልወሰደም። ፕሮክተሯ ትፈርምለታለች፣ ፍራሹን መልሷል። ላብራቶሪው ይፈርማል፣ ስፖርት ክፍሉ ይፈርማል፣ የኮስት ሼሪንጉ ውል ይሞላል። አንዲት መስመር ትጨመር። የክበብ አባል ለነበረ ተማሪ፣ ከታች «ተረካቢ» ተብሎ የአንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ስምና ፊርማ የሚገባባት።